ጅማ አምስት፦ የቡና ዋጋ ከሬዲዮ እስከ 929

ሦስት ቁጥር ነው፦ 929።

ከዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በፊት አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ቁጭ ብሎ ባለ ቁልፍ ስልኩ ላይ ይህን ቁጥር የመታ ሰው፣ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ላይ ቡና በስንት እንደዋለ የተቀዳ ድምፅ ያነብለት ነበር። ቋንቋ ይመርጣል፣ የቡናውን ዓይነት ይመርጣል፣ ይሰማል፣ ይዘጋል። ኢንተርኔት የለም። አፕ የለም። ማንበብ መቻልም ግድ አይደለም። ያ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ኮምፒውተር ተጠቀምኩ» አይልም። ግን ተጠቅሟል። ከዚያ ድምፅ ኋላ የግብይቱን ዋጋ በየቅጽበቱ የሚመዘግብ ኮምፒውተር ነበር።

ስለ ኮምፒውተርና ስለ ገጠር ሲወራ ሥዕሉ ሁሌ አንድ ነው፦ ጎጆ ደጃፍ ላይ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚስቅ ሕፃን። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ግን ኮምፒውተር በዓይን አልመጣም። የመጣው በጆሮ ነው፣ ሬዲዮ ቀድሞ በጠረገው መንገድ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ያ መንገድ ነው፤ ማን እንደተናገረበት፣ ማን እንደሰማበት፣ ሰሚውስ ምን እንዳተረፈ። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ከሬዲዮው በፊት ሂርማታ ነበረ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ሲገዙ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያቸው ደግሞ ከሥሩ ሂርማታ ላይ ነበር። ከከፋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የሚመጣ ነጋዴ እዚያ ይገናኛል። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና ይሸጣል፤ ሰውም ይሸጥ ነበር፣ ስለዚህ «ድሮ ደግ ነበር» ብለን አናሞካሸው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋጋ የሚቆረጠው እዚያው፣ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ዋጋውን የሚናገረው ሰው አፉ ይታያል፣ መልስ ይሰጠዋል፣ «አይሆንም» ይባላል። ወሬውም ከቅፍለቱ ጋር በእግሩ ይመጣል። ዘግይቶ ይመጣል፤ ግን ለሁሉም እኩል ይዘገያል።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ከአካባቢው ተሰደደ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄደ፣ ቀጥሎ ለንደንና ኒው ዮርክ። የጅማ ገበሬ የማያየው ሰው የማያውቀውን ነገር አይቶ የሚቆርጠው ቁጥር ሆነ።

ሬዲዮ ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው ጣሊያን በወረረን ዓመት፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ምዕራብ አጥርቶ ለመድረስ ግን ብዙ ቆይቷል፤ ኋላ መቱ ላይ የተተከለው የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ነው በኢሉባቦርና በአካባቢው የሬዲዮን ድምፅ ያጠነከረው። ሬዲዮ ያለው ቤት የጎረቤቱም ጆሮ ነበር። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ያ ሬዲዮ ስለ ቡና ምን ይል ነበር? በደርግ ዘመን የሚሰማ ዋጋ ቢኖር ለመደራደር የሚሆን አልነበረም፤ የቡናን ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት ነበርና። ዋጋ ትዕዛዝ ሲሆን መስማትና አለመስማት ልዩነት የለውም። ያም ሆኖ የዓለም ገበያ መምታቱን አልተወም። አገሮች በኮታ ዋጋ የሚደግፉበት ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት በ1989 እ.ኤ.አ. ሲፈርስ ዋጋው ወዲያው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በ1994 እ.ኤ.አ. ብራዚል ላይ ውርጭ ወረደ፣ የዓለም ቡና ተወደደ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ገባ፤ ሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ብራዚል ውስጥ በረዶ ስለጣለ ጎማ ወረዳ ውስጥ የልጅ ደብተር ይገዛል ወይም ይቀራል። ይህን ያህል የሚወስን ነገር እየሆነ፣ ገበሬው ግን የዛሬውን ዋጋ የሚሰማው ቡናውን ሊገዛው ከመጣው ሰው አፍ ነው። ሰብሳቢው «ወርዷል» ካለ ወርዷል።

ምርት ገበያው የተወለደው ይህን ለመስበር ነው። በአዋጅ 550/1999 ተቋቋመ፣ በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መገበያየት ጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ለእህል ነበር፤ እህሉ ግን እንደታሰበው አልጎረፈም። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ 602 የቡናን ግብይት ወደዚህ ወለል አዞረው። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የራሳቸውን እርሻ ቡና የሚልኩ ባለሀብቶች በቀጥታ መሸጥ ይችላሉ፤ ሌላው በሙሉ በምርት ገበያው በኩል ይለፍ ተባለ።

አሠራሩን ያላያችሁ ካላችሁ ትንሽ ልቆይበት፣ ደስ የሚል ነገር አለው። ከአጋሮ የተጫነ ቡና ጅማ ካለው የምርት ገበያ መጋዘን ይደርሳል። እንዲህ ያሉ መጋዘኖች ቦንጋ፣ በደሌ፣ ጊምቢ፣ ዲላ፣ ሐዋሳ፣ ሶዶና ድሬዳዋም ተከፍተዋል። ናሙና ይወሰዳል፤ ፍሬው ይቆጠራል፣ ይቆላል፣ ይቀመሳል። ቀማሾቹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቁም፤ ናሙናው ስም የለውም፣ ኮድ ብቻ ነው። ደረጃ ይሰጠዋል፣ ለባለቤቱ ኤሌክትሮኒክ የመጋዘን ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የሚሸጠው ደረሰኙ እንጂ ጆንያው አይደለም። ወለሉ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ጃኬት የለበሱ ሻጭና ገዢ ይጯጯሃሉ፣ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማታሉ። ዋጋው ኮምፒውተር ላይ ይገባል፣ ገንዘቡ በማግስቱ ሻጩ ሒሳብ ውስጥ ነው። ለቡና ሻጭ «በማግስቱ» የሚለው ቃል ትንሽ አብዮት ነበር፤ ከዚያ በፊት ላኪ ለአቅራቢ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ወራት ይወስድ ነበርና።

ያ ዋጋ ከወለሉ ወጥቶ ወደ አገር ቤት የሚሄድባቸው መንገዶች ብዙ ነበሩ። በክልል ከተሞች የተሰቀሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ቀይ ቁጥር ያሯሩጣሉ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የዕለቱን ዋጋ ያነባሉ። በ934 የጽሑፍ መልእክት፣ በ929 ድምፅ። ሰሌዳው ለፎቶ ያምር ነበር፤ ሰው የወደደው ግን ድምፁን ነው። ምርት ገበያው ራሱ 929 በወር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥሪ እንደሚቀበል ይናገር ነበር። አብዛኛው ሰው ላፕቶፕ ነክቶ በማያውቅበት አገር በወር ሚሊዮን ጊዜ ኮምፒውተር ተጠየቀ ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ታሪኩ ያምራል። አሁን ስልኩን ዘግተን ወደ ማሳው እንመለስ።

እንበልና ጎማ ወረዳ ውስጥ አንዲት እናት ኅዳር ላይ እሸት ቡና ለቅማለች። ቀይ፣ እርጥብ፣ ማታውኑ መፈልፈያ መድረስ ያለበት ቡና ነው። ካደረ ይቦካል፣ ደረጃው ይወድቃል። ልጇ 929 ደወለና «አንድ ሺህ ብር» ሰማ። (ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች ነው ያመጣሁት።) አንድ ሺህ ብር የምን? የአንድ ፈረሱላ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የምን 17 ኪሎ? የተፈለፈለ፣ የታጠበ፣ የደረቀ፣ የተቀመሰ፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ቡና። እሷ የያዘችው ግን እሸት ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ይፈጃል፤ ስለዚህ ያቺ አንድ ፈረሱላ ወደ አንድ መቶ ኪሎ እሸት ትሆናለች። አንድ ሺህን ለመቶ ስናካፍል ለኪሎ አሥር ብር ገደማ ይመጣል። በር ላይ የቆመው ሰብሳቢ «ስድስት ብር» ይላል። በስድስትና በአሥር መካከል ያለው አራት ብር የመፈልፈያው ሥራ፣ የማድረቂያ አልጋው የቀን ሠራተኛ፣ የጆንያ፣ የመኪና፣ የባንክ ወለድ ነው። ትርፍም አለበት። ምን ያህሉ ወጪ ነው? ምን ያህሉ ትርፍ? 929 ይህን አያውቅም። ሰብሳቢው ግን ያውቃል።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ቆም የምለው እዚህ ጋ ነው። ምርት ገበያው ዋጋ ከአዲስ አበባ አጋሮ በቅጽበት እንዲደርስ ትልቅ ወጪ ወጣበት፣ ሠራም። የጎደለው አንድ ተራ ነገር ነበር፦ ማካፈል። በሁለቱም ትርጉሙ። ፈረሱላን ወደ ኪሎ እሸት፣ የአዲስ አበባን ዋጋ ወደ አጋሮ ዋጋ የሚለውጥ፣ በአፋን ኦሮሞ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ የአምስት ደቂቃ የሬዲዮ ፕሮግራም ቢኖር ከስንት ሰሌዳ ይበልጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያመጣል። ቁጥሩን ወደ ኑሮ የሚተረጉመው ግን የሰው ድምፅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለፍትሕ ያህል። ጀንፈል የያዘ ገበሬ፣ ማለትም ቡናውን ከነገለፈቱ ግቢው ያደረቀ፣ ከ929 ብዙ አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ስሌቱ ይቀልለዋል፤ ሁለት ኪሎ ጀንፈል አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠበቅ ይችላል። ዛሬ ዋጋ ከወረደ ጆንያውን መልሶ ጎተራ ያስገባና በሳምንቱ እንደገና ይደውላል። ዋጋ መስማት የሚጠቅመው መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው። እሸት የያዘችዋ እናት፣ ወይም የልጁን መመዝገቢያ ዛሬ የሚፈልግ አባት፣ ዋጋውን ቢሰማም የሚሸጠው ዛሬ ማታ ነው። አቅራቢና ሰብሳቢ ደግሞ ሁለቱንም ይችላሉ፣ መስማትም መጠበቅም። ለገበሬው ተብሎ የተሠራውን ስልክ የበለጠ የደወሉት እነሱ ቢሆኑ አይገርመኝም።

ሌላም የተሸፈነ ነገር ነበር። ምርት ገበያው ቡናን በአካባቢና በደረጃ ስለሚመድብ የገበሬው ስም መጋዘኑ በር ላይ ይቀራል። ከሁሉ የታወቀው ምድብ «ጅማ አምስት» ነው፤ ያልታጠበ፣ በብዛት የሚላክ፣ ለመቀላቀያ የሚፈለግ ርካሽ ቡና። የአንድ ከተማ ስም የአንድ ደረጃ ስም ሆነ። የውጭ ነጋዴ «ጅማ» ሲባል ቦታ አይመጣበትም፣ ዋጋ ነው የሚመጣበት።

ይህን የሰበሩት እዚያው ጎማ ወረዳ ውስጥ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ዱሮሚና የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ስሙ በአፋን ኦሮሞ ከመበልጸግ የመጣ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ማጠቢያ ጣቢያ ተከለ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ዛፍ ነው። አፈሩም ያው ነው። የተለወጠው እሸቱ በሰዓቱ መታጠቡና፣ በዩኒየን በኩል በስሙ መሸጡ ነው። ይህ ድል በ929 ላይ አይሰማም ነበር፤ ከወለሉ ውጪ የተሸጠ ቡና ነዋ።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው የጅማ መንገድ ላይ ሌላ ታሪክ ተፈጠረ፣ እሱን ግን ዓለም ሁሉ ሰማው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትሄዱ ወሊሶ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ተራራ ከወጣችሁ ወንጪ ናት። «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚለው ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት በካርቶን የታሸገ ታብሌት ያለ መምህር አስቀመጡ። እሳቸው እንደተረኩት በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ልጆቹ የተቆለፈውን ካሜራ ከፈቱ። የውጭ መገናኛ ብዙኃን ታሪኩን ተቀባበሉት። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ በዚያ ጥርጥር የለኝም። የሚያበግነኝ ሌላ ነው፦ ሁለት መንደር ውስጥ በጥቂት ሕፃናት እጅ ያለ ታብሌት ዓለም ሲያስደንቅ፣ በወር ሚሊዮን ጊዜ የሚደወልበት 929 ግን ማንንም አላስደነቀም። ፎቶ የለውማ። ድምፅ ብቻ ነው።

እኛ ራሳችን በስክሪን ያደግን ነን ለነገሩ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛ ደረጃ የገባ ሰው ፕላዝማን አይረሳትም። ከሳተላይት የሚወርድ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ፣ እጅ ብታወጣ የማያይህ መምህር። «አሁን መልመጃውን ሥሩ» ይልና ደብተርህን ሳትከፍት «በጣም ጥሩ!» ይልሃል። በእኔ ግምት ብዙ ሰው ኮምፒውተርን መጀመሪያ የተዋወቀው እንዲህ ነው፤ የሚናገር ግን የማይሰማ ነገር ሆኖ።

ሬዲዮ ከዚህ የተሻለ ዕድል ነበረው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ 533 የማኅበረሰብ ሬዲዮን እንደ አንድ የፈቃድ ዓይነት አወቀ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮም ከአገሪቱ ቀደምት የማኅበረሰብ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የቡና አገር ልጅ ነው፤ አንዱ እግሩ በ1952 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። መልኮ ላይ ደግሞ የቡና በሽታና ዝርያ የሚያጠና የምርምር ማዕከል አለ። እውቀቱ፣ ማይክሮፎኑና ገበሬው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ተቀምጠዋል። አድማጭ ደውሎ መናገር የሚችልበት ጣቢያ ከሂርማታ በኋላ ለገበያው ቅርብ የሆነ ነገር ነው።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028ን ከፈተ፤ እሱም በነፃ የሚደወልበት ድምፅ ነው፣ መቼ መዝራት፣ ምን ያህል ማዳበሪያ፣ የትኛው በሽታ መጣ የሚል። መንገዱ ያው የ929 መንገድ ነው። 2012 ዓ.ም. ላይ ደግሞ መንገዱ ለምን እንደሚያስፈልግ ታየ። በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ትምህርት ወደ ሬዲዮ ተመለሰ። በዚያው ክረምት ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቆረጥ ስንት ዘመናዊ ነገር በአንድ ሌሊት ጸጥ አለ። ሬዲዮኑ ግን ያወራ ነበር። ምን ያወራ ነበር የሚለው የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።

ምርት ገበያውም በበኩሉ ተለወጠ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ጩኸቱና የመዳፍ ጭብጨባው በኮምፒውተር ግብይት እየተተካ ሄደ። ቀጥሎ አዋጅ 1051/2009 የቡናውን ሕግ ከለሰው፤ ከወለሉ ውጪ በቀጥታ የመሸጫው በር እየሰፋ መጣ። ገዢው አሁን የሚፈልገው ምድብ ሳይሆን ምንጭ ሆነ። ጅማ አምስት አይበቃውም፤ የማን ማሳ፣ የትኛው ጥግ።

ይህ ፍላጎት በ2023 እ.ኤ.አ. ሕግ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ጋር የተያያዘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን እየተራዘመ ቢሆንም ዝግጅቱ ቡና አብቃይ ወረዳዎችን አዳርሷል። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ የጅማ ገበሬ አብዛኛው በዚህ ውስጥ ነው። አስቡት፣ አቅጣጫው ተገለበጠ። ድሮ ገበሬው ይደውል፣ ኮምፒውተሩ ይናገር ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፣ ገበሬው ይመልሳል።

ጌራ ወረዳ ውስጥ፣ ቡናው በጫካ ዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅልበት፣ አንድ ወጣት ስማርት ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ሳተላይት እስኪይዝለት ቅርንጫፍ ከሌለበት ቦታ ይፈልጋል እንበል። ባለ ማሳው አጠገቡ ቆመዋል። ነጥቡ ተያዘ፣ ስልኩ ጢው አለ። «ልጄ፣ ይሄ ቁጥር ፈረሱላ ላይ ስንት ይጨምራል?» ቢሉት ምን ይመልሳል? ደንቡ ለቡናው እንዲሞሉ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፦ የምርቱ ዓይነት፣ ክብደቱ፣ የተመረተበት አገር፣ የማሳው ነጥብ። ለገበሬው የተከፈለው ዋጋ ከነሱ ውስጥ የለም።